ቢላው ከመነሣቱ በፊት (ከተሞክሮዬ)

ጠዋት ከአያት ባቡር ተሳፍሬ ለገሃር እስክወርድ የዕለቱን ታካሚዎቼን በሐሳቤ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ። የአጥንት፣ የጡንቻና የጅማት ዕጢ የማክም የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነኝ። ብዙ ሰው ሥራዬ ኦፕሬሽን ክፍል የሚጀምር ይመስለዋል። እኔ ግን የአንድ እግር ዕጣ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ቀድሞ እንደሚወሰን ተምሬያለሁ።

1. የሌሊት ሕመም አይናቅ። ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ካንሰር በአብዛኛው በዕድገት ላይ ያሉ ልጆችን ይይዛል፤ የሚወደውም ቦታ ጉልበት አካባቢ ነው። ጎረቤቶቼ ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ "ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ነው" ይሉኛል። ምት ይህን ዕጢ አያመጣም። ዕረፍት የማያስታግሰው፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ሳይውል ሳያድር ራጅ ይነሣ።

2. አያምም ማለት ደግ ነው ማለት አይደለም። ከሎሚ የበለጠ፣ እያደገ የሚሄድ ወይም ጠልቆ የተቀመጠ እብጠት ሳይመረመር አይቆረጥ።

3. ናሙና መውሰድ ቀላል ሥራ አይደለም። አንዲት ወጣት ጭኗ ላይ አግድም የተቀደደ ጠባሳ ይዛ መጣች። ለናሙና ቢላ ያለፈበት መንገድ የዕጢው ሕዋስ ሊዘራበት ስለሚችል በዋናው ኦፕሬሽን አብሮ ይወጣል። ቅዱ የእግሩን ቁመት ተከትሎ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ጤነኛ ሥጋ አላነሣም ነበር። አሜሪካዊው ሄንሪ ማንኪንና ባልደረቦቹ በናሙና ስሕተት የሚደርሰውን ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1982 ጽፈው አስጠነቀቁ፤ በ1996 ደግመው ሲያጠኑትም ችግሩ አልቀነሰም። ናሙናውን ዋናውን ኦፕሬሽን የሚሠራው ሐኪም ይውሰድ፤ ካልሆነም ከእሱ ጋር ተመካክሮ ይወሰድ።

4. ወጌሻ አይዘለፍ። አንድ ጊዜ ልጁን አሳሽቶ የመጣ አባት ላይ ተቆጣሁ። ልጁን ይዞ ወጣ፤ የተመለሰው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ያ ሦስት ወር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ወጌሻ ሳገኝ "እጅዎ ስብራት ያውቃል፤ ሳይሰበር ያበጠውን ግን አይሹት፣ ወደ እኛ ይላኩልን" እላለሁ። እንጦጦ ጸበል ላስጠምቀው ለምትል እናትም "ያስጠምቁት፤ የኬሞው ቀጠሮ ግን እንዳያልፍ" እላታለሁ።

5. ቢላ ብቻውን አያድንም። ኬሞ ከመምጣቱ በፊት በኦስቲዮሳርኮማ እግራቸው ከተቆረጠ ሰዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል ይሞቱ ነበር፤ በሽታው አስቀድሞ ሳንባ ውስጥ ይዘራልና። ዛሬ ሳይሠራጭ ተደርሶበት ሙሉ ሕክምና ያገኘ ከግማሽ በላይ ይድናል። ኬሞ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ከክፍለ ሀገር ለመጣ ቤተሰብ ማደሪያና የትራንስፖርት ገንዘብ ራሱ ሕክምና ነው። እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ለታካሚ ማረፊያ የሚሰጡ ማኅበራት የሚያተርፉትን ሕይወት እኔ በቢላዬ አላተርፍም።

6. "እግርህ ይቆረጣል" የሚባለው ቆሞ አይነገር። አንድ የገበሬ ልጅ ነገሩን ከሰማ በኋላ ብዙ ዝም አለና "ዶክተር፣ በአንድ እግር እርፍ ይያዛል?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ሰው ሠራሽ እግር ያለው አንድ የቀድሞ ታካሚዬን ጠራሁ። ሱሪውን ሰብስቦ አሳየው፤ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላለሰበት። ልጁ አተኩሮ ሲያየው ቆየና የስምምነት መፈረሚያ ወረቀቱን እንድሰጠው እጁን ዘረጋ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር ከማውራቴ በፊት ወንበር ስቤ ከታካሚው አጠገብ እቀመጣለሁ።