ካሜራችንን ያነሳው የእማዬ ሚዛን

የወላጆች ቀን ቪዲዮ ላይ ካሜራው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ያያችሁ ብዙዎቻችሁ «ድሮን ነው እንዴ?» ብላችሁ ነበር። ድሮን አይደለም፣ ክሬን ነው። የሠራነውም እኛው የሚኒ ሚዲያ ልጆች ነን። ዛሬ አሠራሩንም፣ እስካሁን ያልነገርኳችሁንም እነግራችኋለሁ።

የመስቀል ደመራ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ካሜራው ከሕዝቡ በላይ ሲሄድ አይቼ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ከጓደኞቼ ጋር ምናለሽ ተራ ሄድን። እዚያ ቆራሌዎች የሰበሰቡት አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ መዶሻ ይሆናል፣ ምን የማይሆነው አለ! አንድ ረጅም ብሎን ከነዳዶው ገዛን። አንድ ብረት ቀጥቃጭ ጋሼ «ለምንድነው ማሙሽ?» አሉኝ። ስነግራቸው ሳቁና የስልክ መያዣውን ከቆርቆሮ በነፃ ሠርተው ሰጡን።

3 ሜትር ሞራሌ ከአንዱ ጫፍ 60 ሳንቲሜትር ላይ በሳነው። ብሎኑን አስገብተን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ሰቀልነው። የፊቱ ክንድ 240 ሳንቲሜትር ነው፤ የኋላውን 4 እጥፍ ማለት ነው። ስልኩና መያዣው ግማሽ ኪሎ ስለሆኑ፣ በሳይንስ እንደተማርነው ከኋላ 2 ኪሎ ይበቃል አልን። አሰርን። ወይ ፍንክች! ለካ የእንጨቱን የራሱን ክብደት ረስተነዋል። እየጨመርን ስንሞክር 6 ኪሎ ተኩል ላይ ቀጥ አለ። በአንድ ጣት ሲነኩት ይነሳል፣ ይወርዳል።

ችግሩ ድንጋይ ስናስር እየሾለከ ይወድቃል። እማዬ በርበሬ ተራ ትሸጣለች። የብረት ሚዛኖቿ ቀለበት ስላላቸው ለማሰር ይመቻሉ። ዓርብ ማታ ባለ 5 ኪሎውን፣ ባለ 1 ኪሎውንና ባለ ግማሹን ሳልነግራት ወሰድኩ። «ነገ ከፕሮግራሙ በኋላ እመልሳለሁ» ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ቀረጻው በጣም አማረ። ካሜራው ወላጆችን በሙሉ እያሳየ ወረደ። በኋላ ክበቡ ክፍል ውስጥ ቪዲዮውን ስናይ ሁሉም የእናቱን ፊት እያገኘ ይጮሃል። እኔ ብፈልግ ብፈልግ እማዬ የለችም። ጠዋት «እመጣለሁ» ብላኝ ነበር።

ቤት ስገባ ደክሟት ቁጭ ብላለች። «ሚዛኔን ሰረቁኝ። ቅዳሜን በሚያህል ገበያ ደንበኞቼ ጎረቤት ሄዱ። የተበደርኩት ሚዛን የደረሰኝ ከሰዓት ነው» አለች። ጉልበቴ ተብረከረከ። ቦርሳዬን ከፍቼ አወጣሁት።

አልመታችኝም። ዝም ብላ ቆየችና፣ «የገበያው አይደለም የከፋኝ። ያንን በርበሬ የሚሸከምልኝን ልጅ ጠርጥሬ ክፉ ቃል ተናግሬዋለሁ። ነገ አብረን ሄደን ይቅርታ እንጠይቀዋለን» አለች። ሄድን። ልጁ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። «ምንም አይደል» አለ፣ ግን ዓይኔን አላየኝም። አሁንም ሳገኘው ቀድሜ ሰላም የምለው እኔ ነኝ።

አሁን ክሬናችን ከኋላው አሸዋ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ነው ያለው። አሸዋው 6 ኪሎ ተኩል እስኪሆን የመዘነችልን እማዬ ናት። በሚቀጥለው የወላጆች ቀን ከፊት ትቀመጣለች። ቸር እንሰንብት!