አንድ ቀን የጐደለው ልደት

እኔ የምኖረው በአዲስ አበባ፥ ከቦሌ አየር ማረፊያ ብዙ በማይርቀው ኢምፔሪያል በተባለው ሰፈር ነው። በሌሊት አውሮፕላን ሲያልፍ እነቃለሁና ሰዓቴን ማየት ልማዴ ሆኖአል። በቲኬት ላይ 2 ሰዓት የተባለው ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑን፥ ዕለቱም በፈረንጆች ዘንድ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የተለወጠ መሆኑን ለዘመድ ወዳጅ ሳስረዳ ብዙ ጊዜ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የጊዜን ነገር ዐውቃለሁ እያልሁ እመካ ነበር።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ የድረ ገጽ ፕሮግራም በመሥራት ይተዳደራል፤ እኅቱ በዋሽንግተን ትኖራለች። እርስዋ የተወለደችው ጳጉሜን 4 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ሴፕቴምበር 9 ቀን 1996 መሆኑ ነው። በጳጉሜን የተወለደ ሰው መከራውን ያውቀዋል፤ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ በተጻፈበት ቅጽ ላይ ወሩን ፈልጎ ያጣዋልና።

ወንድምዋ የቤተ ሰባችንን ልደትና ጋብቻ የሚይዝ መዝገብ በድረ ገጽ አሰናዳልን። እርስዋም የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ስትጽፍ ልደትዋን ከፓስፖርትዋ ጋራ ሳታመሳክር ከዚሁ መዝገብ ገለበጠች፤ ሴፕቴምበር 8 ብላ። ወረቀቱ ከልደት ምስክር ወረቀትዋ ጋራ ስላልተስማማ ተመለሰ፤ እስኪታረምም ስድስት ወር አለፈ። በዚያው ወራት እናትዋ ታመመች። ልጅቱ ከዚያ አገር ብትወጣ መመለሻ እንዳታጣ ፈርታ ቀረች፤ ባለቤቴም ልጅዋን ሳታይ ዐረፈች።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልጄን ጠርቼ፥ «ዘጠኝ ብዬ ብነግርህ ስለ ምን ስምንት ብለህ ጻፍህ?» አልሁት።

«ዘጠኝ ብዬ ጽፌአለሁ አባባ፤ ይኸው ይመልከቱ» ብሎ መዝገቡን ገለጠልኝ። እውነትም ዘጠኝ ይላል። እኅቱን በስልክ ጠርተን ያንኑ ገጽ በዚያው ደቂቃ እንድታነብልን ብንጠይቃት ስምንት ነው አለችን። ልጄ ዝም አለ። ያን ሌሊት መብራቱ ሳይጠፋ ነጋ።

ጧት ነገሩን አስረዳኝ። ኮምፒዩተር ዕለትን አያውቅም፤ የሚያውቀው የሴኮንድ ቍጥር ነው። ቍጥሩም የሚጀምረው በግሪንዊች ሰዓት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዓመት፥ ወርና ቀን ብቻ በሰረዝ በተያያዘ ጽሑፍ ቢሰጠው፥ ሰዓቱን የግሪንዊች እኩለ ሌሊት አድርጎ ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ ለሚያነበው ሰው በየአገሩ ሰዓት ያሳየዋል። እኛ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ስለምንቀድም ዘጠኙ ዘጠኝ ሆኖ ይቈየናል። ዋሽንግተን ግን በበጋዋ በ4 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፥ በዚያ ገና ሴፕቴምበር 8 ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

«እኔ በኢምፔሪያል ተቀምጬ መቶ ጊዜ ብፈትነው ስሕተቱ አይታየኝም ነበር» አለኝ።

ኮምፒዩተሩ ጳጉሜንን ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የዛሬዎቹ የድረ ገጽ ማንበቢያዎች ባለ ዐሥራ ሦስት ወሩን አቈጣጠራችንን እንደሚያውቁ፥ የዓለም ሰዓቶች በተዘረዘሩበት መዝገብም የአዲስ አበባ ስም እንዳለ ነገረኝ። ሰዓቱ አንድ ስለ ሆነ ስማችን ከናይሮቢ ጋራ ታስሮአል አለ፤ ይህስ ብዙ ደስ አላሰኘኝም። «ዕውቀቱ ሳይጐድል፥ ልደት ሰዓት የማይሻ ዕለት ሆኖ ሳለ እኔ ሰዓት ሰጠሁት» ብሎ አቀረቀረ።

አሁን ልደትን ሁሉ ያለ ሰዓት፥ ቀን፥ ወርና ዓመት ብቻ አድርጎ ይጽፈዋል። የጉዞንና የቀጠሮን ሰዓት ግን በግሪንዊች ቈጥሮ ከከተማው ስም ጋራ ያኖረዋል፤ ዋሽንግተን በማርችና በኖቬምበር ሰዓትዋን ስለምትለውጥ፥ እኛ ግን ስለማንለውጥ፥ በመካከላችን ያለው ልዩነት አንድ ጊዜ 7 አንድ ጊዜ 8 ሰዓት ይሆናልና። አልተቈጣሁትም። ለሰው ሁሉ ቲኬት ሳስረዳ ስኖር፥ ለገዛ ልጄ ፓስፖርትሽን ተመልከቺ ያላልሁ እኔም ነኝ።

ጳጉሜን 4 ቀን ከጧቱ 1 ሰዓት ሲሆን ስልኩ ይጮኻል። በዚያች ደቂቃ በዋሽንግተን እኩለ ሌሊት አልፎ ሴፕቴምበር 9 ይገባል። ስልኩን የሚያነሣው ወንድምዋ ነው።

«ዛሬ ስንት ነው?» ትለዋለች።

«ዘጠኝ» ይላታል፤ ከዚያም ስልኩን ለእኔ ይሰጠኛል።