የፓርኪንሰን ሕግ በብሩክስ ስም

የአንድ መሥሪያ ቤት የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ ሳለሁ አዲስ የሂሳብ ሥርዓት እንሠራ ነበር። ፕሮግራመሮቹ አራት ናቸው። ማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ ልጆቹ ሁለት ወር እንዲጨመርላቸው ጠየቁ። እኔ በስብሰባው ላይ ተነሥቼ፣ «የብሩክስ ሕግ፣ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ ሁሉ እስኪሞላ ይለጠጣል ይላል። ስለዚህ ጊዜ ሳይሆን ሰው እንጨምር» አልኩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ብዬም አሳረግሁ። የተቃወመ አልነበረም። ስድስት ሰው ተጨመረ።

ነባሮቹ ሥራቸውን ትተው አዲሶቹን ማስተማር ያዙ። አራት ሰው እርስ በርስ የሚገናኝበት መስመር 6 ነው፤ አሥር ሲሆን 45 ይደርሳል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያውቅ ያበላሸው ጀመር። ሁለት ወር የነፈግሁት ሥራ አምስት ወር ፈጀ።

በመጨረሻ ከፕሮግራመሮቹ አንዷ ቢሮዬ ገብታ በሩን ዘጋች። «ጋሼ፣ ያን ቀን የተናገሩት የፓርኪንሰንን ሕግ ነው። ብሩክስ ያሉትማ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በሰው ፊት እንዴት ብዬ?»

ያን ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ፓርኪንሰን እንግሊዛዊ የታሪክ ምሁር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 በዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ላይ የጻፉት ስለ ቢሮክራሲ ነው፤ የአገራቸው የጦር መርከቦች ቁጥር ሲያሽቆለቁል የባሕር ኃይሉ ቢሮ ሠራተኞች እንደተበራከቱ በቁጥር አሳይተዋል። ፍሬድ ብሩክስ ደግሞ የአይቢኤምን ታላቅ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥራ የመሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ሕጉን ያወጡት ከዚያው ሥራ ከቀሰሙት ትምህርት ነው። እሳቸው በድካም የተማሩትን እኔ ስማቸውን እየጠራሁ ጣስኩት።

ተረቱም አልዋሸም። ሎሚ ይከፋፈላል፤ አንዱ ተሸካሚ ሌላውን ማማከር አያሻውም። ሶፍትዌር ግን ሠሪዎቹ ካልተግባቡ አይቆምም። ተረቱን ከቦታው ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ስሙን ማሳሳቴ አይደለም። የታላቅ ሰው ስም ጠርቼ የሚያውቁትን ዝም አሰኘኋቸው፤ ዝምታቸውንም እንደ ስምምነት ቆጠርኩት። እናንተም በስብሰባ ላይ ሕግ ከመጥቀሳችሁ በፊት ከምን ሥራ እንደተወለደ ጠይቁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሥራውን በእጃቸው የያዙትን አስቀድማችሁ አናግሩ።