አይ አልጊየን?

ስፓኒሽን መጀመሪያ የሰማሁት ማማ ላይ ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ወፍ መጠበቅ የልጅ ሥራ ነው። ወንጭፌን ይዤ ዞብል ተራራን ፊት ለፊት እያየሁ ስውል፣ አጎቴ ምሳዬን ይዞ ይመጣና ገና ከማሳው ዳር «አይ አልጊየን?» ብሎ ይጮኻል፤ ሰው አለ? ማለቱ ነው። እኔም እንዳስተማረኝ «ኖ አይ ናዲዬ!» እላለሁ፤ ማንም የለም።

አጎቴ ኩባ ያደገ ነው። አባታቸው በኦጋዴን ጦርነት የሞተባቸው ልጆች ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወደ ወጣቶች ደሴት ሲላኩ አብሮ ሄደ። እዚያ ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የፍራፍሬ እርሻ ነበር።

መጀመሪያ ያደናገረኝ «አይ» ነው። እኛ «አይ» ካልን እምቢ ነው፤ እነሱ ዘንድ «አለ» ሆኖ ቁጭ አለ። «ኖ» ብሎ ክዶ «ናዲዬ» ብሎ መድገሙ ግን አልከበደኝም። እኛስ «ማንም» ካልን በኋላ «የለም» እንል የለ? «ኖ ቪ ናዳ» ምንም አላየሁም ነው። ሰው ሲሆን «ኖ ቪ አ ናዲዬ» ይላሉ፤ «ማንንም» ውስጥ የምንሰካትን «ን» እነሱ «አ» አድርገው ያስቀድሟታል። ኋላ የእንግሊዝኛ መምህራችን ባንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት አሉታ ክልክል ነው ሲሉን፣ ስፓኒሽ ለእኛ ዘመድ ነው ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ዝምድናው የሚያበቃበት ቦታም አለው። ማንም አልመጣም ለማለት «ኖ ቪኖ ናዲዬ» ይባላል፤ «ናዲዬ» ከግሡ ከቀደመ ግን «ኖ» ይቀርና «ናዲዬ ቪኖ» ብቻ ይሆናል። ለእኔ ጆሮ «ማንም መጣ» እንደማለት ነበርና ተከራከርኩ። አጎቴ ወንጭፌን ተቀበለኝና «አንተ ከፊት ቆመህ ከጠበቅህ እኔ ምን ልሠራ እመጣለሁ? ናዲዬ ከፊት ካለ ኖ ይረፍ። ናዲዬ ወደ ኋላ ከሄደ ግን ፊቱ ባዶ አይተወም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወፍ እያባረርን ጥንድ ጥንዱን እንለው ጀመር፦ አልጎ፣ ናዳ፤ ሲየምፕሬ፣ ኑንካ፤ አልጊየን፣ ናዲዬ።

ይህን ሁሉ አያቴ በጥርጣሬ ትሰማ ኖሯል። አንድ ማታ ቡና እየቀዳች «ይቺ ሌት ተቀን ስሟን የምታነሷት ናዲዬ ማን ናት? ኩባ ትዳር ጥለህ መጥተህ እንደሆን ንገረኝ» አለችው።

«ኧረ እማዬ፣ ማንም አይደለችም!»

ከዚህ የቀና ትርጉም የለም፤ እሷ ግን አላመነችውም።