የአባዬ ቀንዲል

የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን «አንድ ዕቃ ምረጡና ታሪኩን ጻፉ» ብለው የቤት ሥራ ሲሰጡን የክፍሉ ልጆች ጀበና፣ መሶብ፣ የአያቴ ጋቢ እያሉ ተሻሙት። እኔ ግን ትዝ ያለኝ አሁን በእጄ የሌለ፣ ፀሐይና ዝናብ አፍርሶት ያለቀለት አንድ የወረቀት ፋኖስ ነው። ፋኖሱ የተሠራው እዚህ አይደለም። ሕንድ አገር፣ ማሃራሽትራ በሚባለው ግዛት፣ ፑኔ ከተማ ውስጥ ነው። የሠራው ደግሞ አባቴ ነው። እንዴት አትሉም?

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እጠብቅ ነበር። አባዬ ለዓመታት ቸል ያለው የደም ግፊት ሁለቱንም ኩላሊቶቹን ጨርሶበት በሳምንት ሦስት ቀን በሚደረግለት እጥበት ነበር የሚኖረው። ዘመድ፣ ጎረቤትና የዕድር ሰው ተረባርቦ ገንዘብ አዋጣልንና ለንቅለ ተከላ ወደ ፑኔ ሄድን። ሦስት ነበርን። ታማሚው አባዬ፣ ኩላሊቱን የሚሰጠው ታላቅ ወንድሜ፣ እና ሽሮና በርበሬ ተሸክሜ ላስታምም የተላክሁት እኔ።

የሕንድ ሕግ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአካል ንቅለ ተከላ ሕግ የሰው አካል መሸጥ መግዛትን ይከለክላል። ሰውየው የውጭ አገር ዜጋ ከሆነ ደግሞ ዝምድናውን በኤምባሲው አስመስክሮ፣ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ነው ፈቃድ የሚያገኘው። እኛ ወረቀቱን ሁሉ አሟላን። የቀረው የአባዬ ፊርማ ብቻ ነበር። አባዬ ግን አልፈርምም አለ።

«የልጄን ገላ አስቀድጄ እኔ ልኑር? እኔ የኖርኩትን ኖሬያለሁ» አለ። በቃ። ወንድሜ ለመነው፣ ተቆጣው፣ መጨረሻ ላይ አኮረፈ። እኔ አለቀስኩ። እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ ተማጸነችው። ምን ዋጋ አለው! ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። እጥበቱ ቀን ይነሳል፣ ይመለሳል፣ ይተኛል።

የተከራየነው ክፍል የአንዲት አሮጊት ቤት ፎቅ ላይ ነበር። አሮጊቷ ምድር ቤት ከልጃቸው፣ ከምራታቸውና አሥራ ሁለት ዓመት ከሚሆነው የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሰፈሩ ሁሉ «አጂ» ይላቸዋል፤ በማራቲ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እኛም አጂ አልናቸው። አጂ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ አባዬም አያውቅም። የሚያስተረጉመው ልጁ ነው፣ በእኛ በኩል ደግሞ እኔ።

ጥቅምት ወደ ማለቂያው ሲደርስ ቤቱ ታመሰ። ዲዋሊ መጣ! ዲዋሊ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል ነው። ራማ የሚሉት ንጉሣቸው ከ14 ዓመት ስደት በኋላ ወደ አዮድያ ሲመለስ ሕዝቡ መብራት አብርቶ ተቀበለው ይላሉ። ላክሽሚ የምትባለዋ የሀብት አምላክም በዚያ ሌሊት ወደ ቤት ትገባለች ብለው ያምናሉ። ዋናው ሌሊት ጨረቃ በማትታይበት ጨለማ ላይ ይውላል፤ በዚያ ዓመት ኅዳር 2 ቀን ነበር። ቤት ይጸዳል፣ ደጃፍ በባለቀለም ዱቄት ይሳላል፣ በሸክላ ኩባያ ዘይት ተሞልቶ ክር ይለኮሳል፣ ርችቱ ደሞ አያስተኛም። በማሃራሽትራ ልጆች በየግቢው ከጭቃ ምሽግ ይሠራሉ፤ ሺቫጂ የተባለውን የድሮ ንጉሣቸውን ለማስታወስ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በየቤቱ ደጃፍ ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል ፋኖስ አለ።

ገበያው በተዘጋጀ የፕላስቲክ ፋኖስ ተጥለቅልቋል። አጂ ግን አሻፈረኝ አሉ፤ «በእጅ ያልተሠራ ደጄ ላይ አይሰቀልም»። ሥራው ለልጁ ተሰጠ። ልጁም ከአባቱ ጋር ሄዶ ቀርከሃ፣ ለካይት የሚሆን ስስ ባለቀለም ወረቀትና ክር ገዝቶ መጣና ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ቀርከሃውን ይሰነጥቅ ጀመር። አንዱን ሰነጠቀ፣ ተሰበረ። ሁለተኛውን ሰነጠቀ፣ ወደ አንድ ወገን አድልቶ ቀጥኖ ተቆረጠ። ሦስተኛው ላይ ጣቱን ቆረጠና ጮኸ።

አባዬ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተንለት ተቀምጧል። ምንም እንደማያይ ሆኖ ያይ ኖሯል።

«ምንድነው የሚሠራው?» አለኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ያወጣው የመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ልጁን ጠየቅሁት። ልጁም «አካሽ ካንዲል!» አለ።

አባዬ ቀና አለ። «ቀንዲል ነው ያለው?»

«አካሽ ሰማይ ማለት ነው፤ የሰማይ ካንዲል» ብዬ አስረዳሁት።

«ቀንዲል ነዋ!» አለ።

በኋላ ሳጣራ እውነቱን ነው። ከላቲን ተነስቶ በግሪክ በኩል ዐረብኛ የገባው ቃል በአንድ ወገን ሕንድ፣ በሌላ ወገን እኛ ዘንድ ደርሷል፤ የእነሱ ካንዲልና የእኛ ቀንዲል አንድ ናቸው። ለአባዬ ግን ነገሩ የመዝገበ ቃላት አልነበረም። በቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሰው የሚጸለየው ጸሎት መጽሐፈ ቀንዲል ይባላል፤ ካህኑ ዘይት ባርኮ በሽተኛውን ይቀባል። ከአዲስ አበባ ከመነሳታችን በፊት ለአባዬም ተጸልዮለት ነበር። ያ ስም በባዕድ አገር ከአንድ ሕፃን አፍ ሲወጣ ሰምቶ ዝም ብሎ ሊቀመጥ አልቻለም። ተነስቶ ደረጃውን ወረደ።

እዚህ ላይ ስለ አባዬ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። አባዬ አናጢ ነው። ያደገውም እንጅባራ አጠገብ፣ የደጋ ቀርከሃ በሚበቅልበት በአዊ አገር ነው። በልጅነቱ አጥሩንም ቅርጫቱንም ከቀርከሃ ሲሠሩ አይቶ፣ ሠርቶ ነው የተነሳው። ቢላዋውን ከልጁ እጅ ተቀበለ። «አባዬ፣ ያ እጅህ!» ብዬ ጮህኩ። እጥበቱ የሚገባበት የግራ ክንዱ ጫና መሸከም የለበትማ። አልመለሰልኝም። ቀርከሃውን በእግሩ ረግጦ ያዘና በቀኝ እጁ ብቻ ሰነጠቀው።

«ወደ አንድ ወገን ሲያደላብህ ወፍራሙን ወገን ጎበጥ አድርገው፤ ራሱ ይመለሳል» ይላል በአማርኛ። ልጁም ሳይተረጎምለት ገባው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሥር እኩል ቀጫጭን ዘንግ ይላጋል። አምስቱ ተቆላልፈው አንድ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ፣ የቀሩት አምስቱ ሌላ ኮከብ ይሆናሉ። ሁለቱ ኮከቦች ተደራርበው አምስቱም ጫፎቻቸው በክር ይታሰራሉ። ከዚያ መሐል ላይ አምስት አጫጭር ዘንጎች በሁለቱ መካከል ይገተራሉ፤ ያኔ ጠፍጣፋው ነገር ሆዱ ይነፋና ቅርጽ ይይዛል። ሙጫው የፉርኖ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ ሲወፍር ነው። ወረቀቱ ይለጠፋል፣ አምፖል የሚገባበት አንድ ጎን ክፍት ይተዋል፣ ከታች የወረቀት ጅራት ይንጠለጠልለታል። ሦስት ቀን ፈጀ፤ በመሐሉ አንድ ቀን እጥበት ነበር። ወንድሜ አኩርፎ ቆይቶ በሁለተኛው ቀን መጥቶ ክር ያዘ። አይነጋገሩም፤ አንዱ ያስራል፣ አንዱ ይይዛል።

የበዓሉ ምሽት ቀይና ቢጫው ኮከብ ደጃፉ ላይ ሲበራ አጂ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ለአባዬ እጅ ነሱ። እኔ ፈራ ተባ እያልኩ «የሌላ እምነት በዓል ነው፣ አይከብድህም?» አልኩት። «እኔ የሠራሁት መብራት ነው» አለኝ።

በማግስቱ ማግስት አጂ በሰሃን ጣፋጭ ይዘው ወጡ። ላዱ ይሉታል፤ ከስንዴ ቅንጬ፣ ከቅቤና ከስኳር የሚድበለበል ነው። ሐኪሙ አንድ ቢበላ ችግር የለውም ብሎን ነበር። አባዬ ግን «ጽጌን እየጾምኩ ነው» ብሎ መለሰው። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ ለዚያውም ለበሽተኛ! አጂ ሰሃኑን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጁ አቀርቅሮ ተረጎመው።

«አያቴ የምትለው፦ ካንዲሉን ስትሰጡን እኛ እምቢ አላልንም።»

እኔ ወደ አማርኛ መመለስ አቃተኝ። ወንድሜ መለሰው። እንግሊዝኛውን ሰምቶ፣ ከብዙ ቀን በኋላ ቀጥታ አባዬን እያየ፣ «እኛ እምቢ አላልንህም ነው የሚሉህ» አለው። የራሱን አንድም ቃል አልጨመረበትም። አባዬ ሰሃኑን ተቀብሎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። «ጾሙ ሲፈታ» አለ።

ጽጌ የሚያልቀው ኅዳር 5 ነው። ኅዳር 6፣ የቁስቋም ዕለት፣ ጠዋት ስነሳ አባዬ አልጋው ላይ ተቀምጦ ላዱውን በላ። ጣቱን በመሐረብ ጠረገና «ያን ወረቀት አምጡት» አለ።

ቀዶ ሕክምናው ታኅሣሥ ላይ ሆነ። ሁለቱም ተረፉ። ከሆስፒታል ስንመለስ ቀዩ ወረቀት ፀሐይ አንጥቶት፣ አንዱ ጅራት ተገንጥሎ፣ ካንዲሉ ግን እንደተሰቀለ ነበር።

ጋዜጠኛ ልሆን ነውና ራሴን አንድ ነገር እወቅሳለሁ። አባዬን «ምን አስወሰነህ?» ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ደጋግሜ ልጠይቀው እነሳና አፌ ላይ ይቀራል። ምናልባት ሁሉም ነገር አይጠየቅም፤ ይህን ለመምህራችን አልነግራቸውም።

በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ለዲዋሊ፣ ልጁ ራሱ የሠራውን ኮከብ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ለአባዬ አሳየሁት። ማታ የሚውጠውን መድኃኒት በእጁ እንደያዘ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ለረጅም ጊዜ አየና፦

«የታችኛው ማሰሪያ ላላ ብሏል፤ ንገሪው» አለኝ።