መስከረም በሌላ ሰማይ ሥር

የፈረንጆቹ መስከረም ሲገባ በዋሽንግተንም ሆነ በቶሮንቶ፣ በለንደንም ሆነ በበርሊን ያሉ የዮጋ ስቱዲዮዎች ማስታወቂያቸው ይመሳሰላል፤ በዮጋና በአዩርቬዳ ታግዛችሁ ወደ አዲሱ ወቅት በዝግታ ግቡ ይላሉ። ምክሩም ያው ነው፦ ማለዳ ሰውነትን ለብ ባለ የሰሊጥ ዘይት ማሸት፣ ጥሬ ሰላጣውን ትቶ ትኩስ ሾርባ መጠጣት፣ በጊዜ መተኛት፣ ፈጣኑን እንቅስቃሴ ቀንሶ መሬት ላይ ረጋ ብሎ መዘርጋት። ምክንያቱን ሲያስረዱ ቅጠል የሚረግፍበት ይህ ጊዜ የ«ቫታ» ነው ይላሉ። ቫታ በአዩርቬዳ፣ ማለትም በሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ አነጋገር የነፋስ፣ የድርቀትና የቅዝቃዜ ጠባይ ያለው የሰውነት ኃይል ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ብዙ ሰውንም ይጠቅማል። ችግሩ ምክሩ ተቀዳባቸው የሚባሉት የሕንድ ጥንታዊ መጻሕፍት ስለ እነዚሁ ወራት የሚሉት ሌላ መሆኑ ነው። በዚህ ልዩነት ላይ መቆየት የፈለግሁት፣ ከአገር ርቀን ለምንኖር ሐበሾች የሚያስተምረን ነገር ስላለው ነው።

ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱ የሆነው «ቻራካ ሳምሂታ» በመጀመሪያው ክፍሉ 6ኛ ምዕራፍ ላይ ዓመቱን በ6 ወቅቶች ከፍሎ ለእያንዳንዱ የአበላል፣ የአለባበስና የአኗኗር ሥርዓት ያወጣል፤ ሥርዓቱ «ሪቱቻርያ» ይባላል። ከዝናቡ ወራት ቀጥሎ የሚመጣው ወቅት «ሻራድ» ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ኅዳር መግቢያ ግድም ይውላል። ደመናው ተገፎ ፀሐይ በድንገት ስትበረታ፣ በዝናቡ ወራት ሲጠራቀም የከረመው «ፒታ»፣ ማለትም የሙቀት ጠባይ ያለው ኃይል፣ ይነሣል ይላል መጽሐፉ። ስለዚህ የሚያዘው ቀለል ያለና መራራ ጣዕም ያለበት ምግብ፣ ከፀሐይ መጠለልና ሆድን የሚጠርግ መድኃኒት ነው። ዘይትና ስብ ደግሞ በዚህ ወቅት መተው ካለባቸው ነገሮች ተቆጥረዋል! ቫግባታ የጻፈው «አሽታንጋ ህሪዳያም» በበኩሉ የሁለት ወቅቶችን መጋጠሚያ ለይቶ ያስቀምጣል፤ የሚያልፈው ወቅት የመጨረሻ 7 ቀን፣ የሚገባው ወቅት የመጀመሪያ 7 ቀን። በእነዚህ 14 ቀናት የቀድሞው ልማድ ቀስ በቀስ ይተዋል፣ አዲሱም ቀስ በቀስ ይያዛል፤ በአንድ ጊዜ ከጣሉት በሽታ ያመጣል ይላል።

ታዲያ የስቱዲዮዎቹ አስተማሪዎች ተሳሳቱ? አይመስለኝም። የወሩን ስም ሳይሆን አየሩን አዩ። በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ በጥቅምት የሚነፍሰው ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ፣ ከሻራድ ይልቅ ቻራካ «ሄማንታ» ለሚለው የብርድ ወቅት ይቀርባል፤ ለሄማንታ ደግሞ መጽሐፉ ራሱ በዘይት መታሸትን፣ ወፍራም ምግብንና ሙቅ ልብስን ያዛል። የምነቅፋቸው ይህን ለውጥ ራሳቸው ማድረጋቸውን ሳይናገሩ ሁሉንም ከሺህ ዓመታት በፊት እንደወረደ አድርገው ስለሚያቀርቡት ነው። ለየወቅቱ የተለየ የዮጋ አቋቋም የሚለው ክፍልም የቅርብ ዘመን ሥራ ነው። «አሽታንጋ ህሪዳያም» ስለ እንቅስቃሴ ሲናገር በብርድና በጸደይ ወራት በግማሽ አቅም ሥሩ፣ በሌላው ጊዜ ከዚያም ቀንሱ ነው የሚለው፤ ዛሬ በየስቱዲዮው የሚሠራው «የፀሐይ ሰላምታ» በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሕንድ የአውንድ ገዢ የነበሩት ራጃ ካስፋፉት በኋላ ነው። አዲስ መሆኑ ዋጋውን አይቀንሰውም። ዕድሜውን በእውነት መናገር ግን ለሕንዶቹም ለተማሪውም ክብር ነው።

የእኛ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ እንደ አብዛኛው ሕንድ ዋናውን ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ያገኛል፤ ከዚያ ሰማዩ ይጠራል። ሻራድ ከዋሽንግተን ጥቅምት ይልቅ የጎንደርን መስከረም ይመስላል ማለት ነው። ከዝናቡ በኋላ በቆላው ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ፣ አባቶች በዚህ መሻገሪያ መጠንቀቃቸው በከንቱ አልነበረም። እኛም መጋጠሚያችን አለን፤ ስሙ ጳጉሜን ነው። በአሮጌውና በአዲሱ ዓመት መካከል በተቀመጡት 5 ወይም 6 ቀናት ሰው ይጠመቃል፣ የሚጾምም አለ፣ በ3 በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት የሚወርደው ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ልጅ አዋቂው ይጠመቅበታል። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። ቻራካ በረጅሙ የጻፈውን የእኛ ሰው በሦስት ቃል ጨረሰው።

ግን ያ ሁሉ የተሰፋው በዚያው ሰማይ ልክ ነው። በአዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በዋሽንግተን ቀኑ ከ15 ሰዓት ገደማ ወደ 9 ሰዓት ተኩል፣ በስቶክሆልም ከ18 ሰዓት ተኩል ወደ 6 ሰዓት ያሽቆለቁላል። አደይ አበባ ይዘን ብርሃን መጣ ስንል የምንኖርበት ሰማይ ብርሃኑን እየሰበሰበ ነው። በእስራኤል ዝናቡ ገና አልጀመረም፤ በዱባይ ደግሞ የበጋው ሐሩር አልበረደም፣ እዚያ ለሚሠሩ እህቶቻችን የሚስማማው ቻራካ ለሙቀት ወራት የጻፈው ነው፦ ቀላል ምግብ፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ከተቻለ የቀትር ዕረፍት። እንቁጣጣሽ አንድ ቀን ናት፤ ከሥሯ ያለው አየር ግን አራትና አምስት ዓይነት ነው። ስለዚህ ከአገር ይዘን መምጣት ያለብን ዝርዝሩን ሳይሆን ሰማዩን አይቶ ቀስ ብሎ የመሻገርን ልማድ ነው እላለሁ።

ይህ ባህልን ማላላት ነው የሚል ወገን ይኖራል። አይደለም፤ በዓሉም ጾሙም በቀኑ ይዋል፤ የሚቀየረው ሰውነት የሚያዝበት መንገድ ነው። ከባዱ ተቃውሞ የሃይማኖት ነው፤ ዮጋ ከሕንድ እምነት የወጣ ነውና ክርስቲያን ወይም ሙስሊም አይሠራውም የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህን አቃልዬ አላየውም። ስግደታችንን አንዱ መጥቶ የጭን ማጠንከሪያ ነው ብሎ ቢሸጠው ያመናል፤ ስለዚህ የሕንዶቹንም ተራ ጂምናስቲክ ነው ብሎ መሸፈን አግባብ አይደለም። ኅሊናው የማይፈቅድለት ይተወው፤ የምግቡ፣ የእንቅልፉና የእግር ጉዞው ምክር ያለ ዮጋም ይቆማል። ሳይንሱ የት አለ የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ቫታና ፒታ በላቦራቶሪ የተለኩ ነገሮች አይደሉም፤ እንደ ማስተዋያ ቋንቋ እንጂ እንደ ምርመራ ውጤት አልይዛቸውም። ዮጋን ግን የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት መካከል አስገብቶታል። የታሸገው የአዩርቬዳ መድኃኒት ሌላ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በቦስተን አካባቢ ከሱቅ ተገዝተው ከተመረመሩ 70 ምርቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ እንደሚጎዳ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ብርሃኑን በተመለከተ ማስረጃው የጠነከረ ነው። ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሆነው በብርዱ ወራት የሚመጣውን ድብርት በስም ለይተው የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የማለዳ ደማቅ ብርሃንም ከሕክምናዎቹ አንዱ ሆኗል። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ስለሚሻ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መጠኑን ማስለካት ብልህነት ነው። በአሜሪካ ለምንኖር ትልቁ መሻገሪያ እንግዲህ የእንቁጣጣሽ ሰሞን አይደለም፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስበት የፈረንጆቹ ኅዳር የመጀመሪያ እሑድ ነው። በማግስቱ በዋሽንግተን ፀሐይ 11 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። የቫግባታን 14 ቀናት በዚያ እሑድ ዙሪያ ማዋል ይቻላል፦ ከ7 ቀን በፊት ጀምሮ እራትን በየቀኑ ትንሽ ማስቀደም፣ ማለዳ ከሥራ በፊት ደጅ መራመድ፣ ማታ ስልኩን ማራቅ፣ ከዚያም 7 ቀን በዚያው መጽናት። ያ እሑድ የሚውለው በጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ጽጌን የሚጾም አብሽና ተልባውን ያፍላ፤ ለማይጾመው የአጥንቱ ወር ገና አላለቀም።