ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን

መንገድ ሲሠራ ይመረቃል፤ ሲጠገን ግን መራቂ የለውም። ድልድይ ሲከፈት ሪባን ይቆረጣል፤ ንግግር ይሰማል፤ የእብነ በረድ ጽሑፍ ይተከላል። በሐምሌ ሌሊት ደለል የደፈነው ቱቦ ተከፍቶ መንገዱ ከመቆረጥ ሲድን ምስክሮቹ ዝናቡና አካፋ የጨበጡት ሰዎች ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ የሚታወሱት አባት የሥራ ዘመናቸውን ከሞላ ጎደል ያሳለፉት መራቂ በሌለው ሥራ ላይ ነበር።

እኚህ ሰው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ወጥተው ሲቀጠሩ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ገና አሥር ዓመት ያህል ዕድሜ ነበረው። መሥሪያ ቤቱ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተዘረጉት መንገዶች ጠጋኝ አጥተው በፈራረሱበት ወቅት ሲሆን፣ ገንዘቡ በከፊል ከዓለም ባንክ በብድር፣ የሙያው ምክርም ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የተገኘ ነበር። ሕዝቡ ረጅሙን ስም ትቶ «አውራ ጎዳና» ብሎ አሳጠረው፤ ዛሬም በብዙ ከተሞች የጥገና ካምፕ የነበረበት ሰፈር በዚሁ ስም ሲጠራ ይሰማል። ወጣቱ መሐንዲስ አዲስ መንገድ ለመቀየስ ጓጉተው ነበር። የደረሳቸው ግን ጥገና ሆነ፤ ያውም የዓባይ በረሃ።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ጎሐ ጽዮን ላይ ደጋውን ይሰናበትና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ይገባል። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛ በገደሉ ግርማ ይደነቃል፤ መሐንዲሱ የሚያዩት ግን የድንጋዩን ድርብርብ ነበር። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጀሶና ሸክላማ ድንጋይ፣ ከታች አሸዋማው ድንጋይ። የክረምቱ ዝናብ በስንጥቁ ሰርጎ ከደካማው ንብር ሲደርስ ያላላዋል፤ ያን ጊዜ ከላይ የተከመረው አፈርና ቋጥኝ መያዣ አጥቶ መንገዱን እንደታቀፈ ይንሸራተታል። ስለዚህም ለባልደረቦቻቸው «እኛ የመንገድ ሳንሆን የውኃ መሐንዲሶች ነን» ይሉ ነበር። ቱቦው ከተከፈተ፣ ቦዩ ከተጠረገ፣ ጎርፉም በወጉ ከተሸኘ ገደሉ ይታገሣል፤ ካልሆነ ግን የድጋፍ ግንብም ሆነ ጋቢዮን አያቆመውም።

መከራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ገደሉ የሚናደው በክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በክረምት ነው። ልጆቹ አዲስ አበባ ከቤት በሚውሉበት በሐምሌና በነሐሴ አባት በረሃ ናቸው፤ በበጋ አባት ወደ ቤት ብቅ ሲሉ ደግሞ ልጆቹ ትምህርታቸው ላይ አቀርቅረዋል። እናታቸው «አባታችሁ የታመመ መንገድ ሊያስታምም ሄዷል» ይሏቸው ነበር። ትልቋ ልጅ የእንቁጣጣሽ አበባዋን ለአባቷ በእጇ የሰጠችበት ዓመት በጣት የሚቆጠር ነው። የሌላው ሰፈር ልጅ አባቱ ምሽት ላይ ዳቦ ይዞ ሲገባ ያይ ነበር፤ የእነዚህኞቹ አባት የሚገቡት ጭቃ የደረቀበት ቦት ጫማ አድርገው፣ ያውም ባልተጠበቁበት ሰዓት ነው።

በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2001 ዓ.ም. መባቻ ሲከፈት እኚህ አባት ጡረታ ከወጡ ቆይተው ነበር። በዚያው ዓመት ወንድ ልጃቸው በመኪና ይዟቸው ወረደ። በኬብል የተያዘውን ድልድይ ጥቂት አዩና «ጥሩ ነው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ከድልድዩ ከፍ እንዳሉ ግን መኪናውን አስቆሙ፤ በዱላቸው ተደግፈው ወርደው ከአንድ ቱቦ አፍ ላይ ጠጠርና ቅጠል በእጃቸው መዛቅ ጀመሩ።

«አባባ፣ ተው እንጂ! ይህ እኮ አሁን ያንተ ሥራ አይደለም» አላቸው ልጃቸው።

«የማን ነው ታዲያ?» አሉ፤ ቀና እንኳ አላሉም።

በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ለልጆቻቸው የተረፈው ዋና ቅርስ 11 የመስክ ደብተር ነው። ሁሉም የተጻፉት በእርሳስ ነው፤ ቀለም በዝናብ ይፈሳልና። ቀኑ፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፣ የዝናቡ ሁኔታ፣ የተጠረገው ቱቦ፣ ከካባ የመጣው ድንጋይ በሜትር ኪዩብ በየገጹ ሠፍሯል። ከዚያ በታች በዕለቱ የዋሉት የቀን ሠራተኞች ስም ከነአባታቸው ተዘርዝሯል። ይህ የደመወዝ መዝገብ አይደለም፤ እርሱ በካፖው እጅ ነበር። መሐንዲሱ ስሙን የጻፉት ማን ከእሳቸው ጋር እንደዋለ እንዳይጠፋ ነው ብሎ ከማሰብ በቀር ሌላ ምክንያት አይገኝለትም። ከአንዱ ስም አጠገብ ትንሽ መስቀል ተስሏል፤ ማብራሪያ የለውም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዕለት በደብተሩ ላይ የሚገኘው የተሞላው ጋቢዮን ብዛትና «ከቀትር በኋላ ዝናብ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ለአገራቸው ጉዳይ ደንታ ያልነበራቸው አድርጎ ይገምታቸው ይሆናል። ፍርዱ ግን የችኮላ ነው፤ ቤተ መንግሥቱን ማንም ይያዘው ማን፣ የጎጃም ጤፍ አዲስ አበባ የሚደርሰው በዚያው መንገድ ነበር።

ልጅቱን የሚከነክናት ሌላ ገጽ ነው። በነሐሴ 1966 ዓ.ም. የሦስት ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ በኩፍኝ ታሞ ሦስት ሌሊት በሞትና በሕይወት መካከል አደረ። መልእክቱ በመሥሪያ ቤቱ ሬዲዮ ተላልፎ ለአባት ደረሳቸው፤ እሳቸው ግን አልመጡም። መንገዱ በሁለት ቦታ ተቆርጦ፣ ከወዲያና ከወዲህ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ነበር። የዚያ ቀን ገጽ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በአኀዝ የተሞላ ነው። በጠርዙ ላይ ግን እርሳሱ ወረቀቱን እስኪቀድ ተጭነው የጻፉት አንዲት ቃል አለች፦ «ትኩሳቱስ?»

ወንድ ልጃቸው፣ ያ የታመመው፣ ይህች ቃል ትበቃለች ባይ ነው። ስለ ትኩሳቱ የሚያስታውሰው ነገር የለም፤ የሚያስታውሰው በቱቦው አፍ ላይ ያጎነበሱትን ሽማግሌ ነው። እኅቱ አትስማማም። መምህርት ናት፤ ስለ ዓባይ በረሃ ስታስተምር የአባቷን ሥራ በኩራት ታነሣለች። ነገር ግን እነዚያን ሦስት ሌሊቶች ከእናቷ ጋር ጨርቅ በውኃ እየነከረች ያደረችው እርሷ ናት፤ መኪና በቆመ ቁጥር ወደ በሩ የሮጠችውም እርሷ ናት። ሁለቱ በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ተከራክረዋል። ደብተሮቹን ሲካፈሉ አሥሩን ወንድሟ ወሰደ፤ የ1966ቱን ቢጠይቃትም አልሰጠችውም።